መጨረሻ ላይ የሚፈለግ ሐኪም

ያደግሁት ከአማኑኤል ሆስፒታል አጥር ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። መርካቶን ለሚያውቅ ሰው ቦታውን መንገር ቀላል ነበር፤ እኛ ግን አንነግርም። የሌላ ሰፈር ልጆች «ቤታችሁ የት ነው?» ካሉን «ሰባተኛ» ወይም «መርካቶ» ብለን እናልፈዋለን። «አማኑኤል» ያለ ልጅ የሚከተለውን ያውቃል፤ «ታዲያ እንዴት ለቀቁህ?» ይሉታል። እናቶቻችን ወር በገባ በ28 ነጠላቸውን አጣፍተው የሚሳለሙት ደብርና ያ ሆስፒታል አንድ ስም ይጋራሉ። ስሙ በደብሩ በኩል ሲጠራ በረከት፣ በሆስፒታሉ በኩል ሲጠራ ስድብ ነበር።

ሆስፒታሉ የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት በመላው አገሪቱ ለአእምሮ ሕሙማን ተብሎ የቆመ ሆስፒታል እሱ ብቻ ስለነበር ሰው ከየክፍለ ሀገሩ ይመጣ ነበር። ማለዳ ትምህርት ቤት ስንሄድ አጥሩ ሥር በጋቢ ተጠቅልለው ያደሩ ሰዎች እናያለን፤ አባት፣ ወንድም፣ አንዳንዴ የመንደር ሰው፣ በመካከላቸው ደግሞ እጁ በገመድ የታሰረ ወጣት። ስንቃቸውን ሲፈቱ መጀመሪያ የሚያጎርሱት እሱን ነበር። በኋላ ዘመን «ገበሬው የታመመ ልጁን አስሮ ያሰቃያል» የሚል የከተማ ሰው በሰማሁ ቁጥር ያ ጉርሻ ትዝ ይለኛል። ያስሩ የነበረው ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው ነው። አስረውም ቢሆን ያን ሁሉ አገር አቋርጠው ሐኪም ዘንድ አድርሰውታል። አጥሩ ሥር የምንኖረው እኛ ግን ሐኪሙን የምንፈልገው ከሁሉም በኋላ ነበር።

ጎረቤታችን አንድ የሒሳብ መምህር ነበሩ። እኛ ልጆቹ ጋሼ እንላቸዋለን። በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ መታመም ጀመሩ። መጀመሪያ እንቅልፍ አጡ። ከዚያ መስኮቱን በጋዜጣ ሸፈኑ፤ ሬዲዮው ስለ እሳቸው እንደሚያወራ፣ ሰዎች እንደሚከታተሏቸው ለባለቤታቸው ነገሩ። ዘመኑ ደርግ ነው። ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚያወራበት፣ ማን ለማን ወሬ እንደሚያቀብል በማይታወቅበት ቀበሌ ውስጥ «ይከታተሉኛል» ያለ ሰው መታመሙን ማን ይለየዋል? እትዬ ለብዙ ወራት ባላቸውን አምነው አብረው ፈሩ።

ከዚያ መንከራተቱ መጣ። የንስሐ አባታቸው መጥተው ጸለዩላቸው። ደብተራ ተጠየቀ፤ «የሰው እጅ አለበት» ተባለ። ሸንኮራ ዮሐንስ ፀበል ወሰዷቸው፤ እዚያ ከርመው ሲመለሱ ከስተው፣ ረጋ ብለው ነበርና ሰፈሩም እፎይ አለ። ብዙም ሳይቆይ ባሰባቸው። እንጦጦ ማርያም ተወጣ። በመጨረሻ ቤት ውስጥ ከአልጋ ጋር ታሰሩ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሆስፒታሉ ከግቢያቸው በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ እንኳ አይሆንም። እናቴ አንድ ቀን ደፍራ «ለምን እዚሁ አታሳዪያቸውም?» ብትላቸው፣ እትዬ «እዚሁማ ሰው ያየናል» አሏት። ቅርብ መሆኑ ነበር ያራቀው። ሸንኮራ ላይ ማንም አያውቃቸውም፤ አማኑኤል በር ላይ ግን ሰፈሩ በሙሉ ይተላለፋል።

በመጨረሻ የሄዱት ከዓመታት በኋላ፣ ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ተኝተው ታከሙና ተመለሱ። እኛን በየስማችን ጠሩን። እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ አረማመዳቸው ይከብድ ነበር፤ የዚያን ጊዜ መድኃኒቶች፣ ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል የሚባሉት፣ በተለይ መጠናቸው ከፍ ሲል ሰውነትን እንዲህ ያደርጋሉ። ያም ሆኖ በረንዳ ላይ አስቀምጠው ክፍልፋይ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እንደ እሳቸው አድርጎ ያስረዳኝ ሌላ መምህር አላጋጠመኝም። ያስተምሩበት የነበረው ትምህርት ቤት ግን አልመለሳቸውም። ዛሬ ሐኪሞች በግልጽ የሚናገሩት ነገር አለ፤ እንዲህ ያለ ሕመም ሳይታከም በቆየ ቁጥር ማገገሙ ይከብዳል። የጋሼን ነገር ሳስብ የሚያንገበግበኝ ሕመሙ ብቻ አይደለም። ከአጥሩ ማዶና ማዶ ሆነው ያለፉት እነዚያ ዓመታት ናቸው።

በእርግጥ በዚያ ዘመን በሩን ያንኳኳም ቢሆን ከውስጥ የሚያገኘው ሰው ጥቂት ነበር። የአእምሮ ሐኪም መሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ውጭ አገር ሄዶ መማር ነበረበት፤ ከሄዱትም ያልተመለሱ ነበሩ። ሸክሙን ተሸክመው የኖሩት በአመዛኙ ነርሶች ናቸው፤ ለአእምሮ ሕክምና ነርሶች የሚሰጠው ልዩ ሥልጠና እዚያው አማኑኤል ውስጥ በ1980 ዓ.ም. አካባቢ ከተጀመረ በኋላ፣ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል አንድ ክፍል ተሰጥቷቸው ሕመምተኛ ያዩ የነበሩት እነሱ ናቸው። ስማቸው ብዙ አይነሳም፤ ሊነሳ የሚገባ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ያን ጊዜ ከ70 ሚሊዮን ለማያንስ ሕዝብ 11 የአእምሮ ሐኪሞች ብቻ ነበሩ፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ። ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ እየመጡ፣ በየጊዜው አንድ ወር እየቆዩ፣ ከእኛዎቹ ጥቂት መምህራን ጋር አስተማሩ። አብዛኞቹ ሠልጣኞች አገራቸው ተምረው አገራቸው ቀሩ፤ ዛሬ ከአዲስ አበባ ውጭ ጅማ፣ ጎንደር፣ መቀሌና ሐዋሳ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች አሉ። አዲስ አበባም ውስጥ አማኑኤል ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ ጥቁር አንበሳ፣ ጳውሎስ፣ ዘውዲቱ አሉ፤ የግል ክሊኒኮችም ተከፍተዋል።

ከዚያ ሥልጠና ትንሽ ቀደም ብሎ ተመራማሪዎች ቡታጅራና አካባቢው ቤት ለቤት እየዞሩ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ካገኙባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አይተው አያውቁም። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለእነዚያ ሰዎች ርቀቱ እውነተኛ ርቀት ነበር። ለኛስ?

ከጥቂት ጊዜ በፊት የእህቴ ልጅ ታመመ። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። ክፍል መግባት አቆመ፤ ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል፤ የሚወደውን ኳስ እንኳ ማየት ተወ። እህቴ የጋሼን ታሪክ ከኔ እኩል ታውቃለችና ብዙ አልጠበቀችም። ግን እሷም ሆስፒታል ስትመርጥ በከተማው ሌላ ጫፍ ያለውን መረጠች፤ ለዘመድ «ጨጓራው ነው» አለች። ደውላ «አብረኸኝ ሂድ» ያለችኝም ልብሷን ለብሳ ከጨረሰች በኋላ ነው።

ካርድ አውጥተን፣ ተራ ጠብቀን ገባን። ሐኪሟ ወጣት ናት። ያደረገችውን በዝርዝር መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ከዚያ በር ማዶ ምን እንደሚሆን ስለማያውቅ ነው የሚፈራው።

ጠየቀች። ሥራዋ አብዛኛው መጠየቅ ነው። እንቅልፍህ እንዴት ነው? የምግብ ፍላጎትህስ? ከመቼ ጀምሮ? ከዚህ በፊት በተቃራኒው እጅግ ደስ ብሎህ፣ ሳትተኛ እየዋልክ እያደርክ፣ ገንዘብ እየረጨህ የነበርክበት ጊዜ አለ? ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ ትሰማለህ? ጭንቅላትህን ተመትተህ ታውቃለህ? የሚጥል በሽታስ? ጫት፣ መጠጥ፣ ሐሺሽ? ድምፅዋ ከጥያቄ ጥያቄ አይለወጥም። «ከቤተሰብ እንዲህ የታመመ ሰው አለ?» ስትል እህቴ ወደኔ ዞረች። አለ። ስሙ በቤታችን የማይነሳ አጎት ነበረን። ዕድሜውን በሙሉ ዝም ያልነውን ሰው እህቴ እዚያ ክፍል ውስጥ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረችው፤ ሐኪሟም ጻፈችው።

ከዚያ «ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» አለችው። እህቴ ደነገጠች፤ ያላሰበውን ታሳስበዋለች ብላ ይመስለኛል። ልጁ ግን ራሱን ነቀነቀ፤ «አዎ» አለ። ያን ቃል ለማንም ብሎት አያውቅም፤ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ። ሐኪሟ በኋላ ለእህቴ አስረዳቻት፦ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ብቻውን የተሸከመውን ሰው ያሳርፈዋል እንጂ። ለብቻው ልታነጋግረው እኛን አስወጣችን፤ ስንመለስ ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒትም ሆነ መርዝ ሁሉ ከእጁ እንድናርቅ፣ ብቻውን እንዳንተወው ነገረችን።

ደም አሰጠችው። ደሙ ድባቴን ያሳያል ብላ አይደለም። የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲዛባ፣ ደም ሲያንስ፣ አንዳንድ ኢንፌክሽንም ሲኖር ሰው እንዲህ ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ እነዚያ መጣራት አለባቸው። የአእምሮ ሐኪም እንደማንኛውም ሐኪም ሕክምና የተማረ፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ሰው ነው። ሰዎች «የነርቭ ሐኪም» እያሉ ከሚጠሩት ይለያል፤ ያኛው ስትሮክን፣ የነርቭ ጉዳትንና የመሳሰለውን የሚያየው ነው። ሳይኮሎጂስት ደግሞ በንግግር የሚያክም ባለሙያ ነው፤ መድኃኒት አያዝም። ሦስቱም ያስፈልጋሉ፤ የትኛው እንደሚያስፈልግ ያልገባው ሰው ግን አንዱን በር ብቻ እንዲያንኳኳ አልመክረውም፤ ቅርቡ ያለው ጤና ጣቢያ ሄዶ ቢጠይቅ ይመሩታል።

የታዘዘለት ፍሉኦክሰቲን ነው፤ በቀን አንድ። ሐኪሟ መድኃኒቱ ነገ ሥራ እንደማይጀምር፣ ሁለትና ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንደሚፈልግ፣ መጀመሪያ ላይ ሆድ ሊረብሽ እንደሚችል ነገረችው። ሲሻለው በራሱ እንዳያቆም፣ ከዳነ በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር መቀጠል እንዳለበት ነገረችው። «ሱስ አይሆንበትም?» አለች እህቴ። «ይህ ሱስ የሚያስይዝ መድኃኒት አይደለም። በድንገት ማቆም ግን አይጠቅመውም፤ ማቆሚያው ሲደርስ አብረን ቀስ ብለን እንቀንሳለን» አለቻት። ለጋሼ እንዲህ ብሎ ያስረዳቸው ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። «ድነዋል እኮ» ተብሎ መድኃኒታቸው ሲቋረጥ፣ ሕመሙም ሲመለስ አይተናል፤ እንደገናም ሸንኮራ ተብሎ ነበር።

የእህቴ ልጅ ወደ ትምህርቱ ተመልሷል። ክትትሉ አላለቀም፤ ከሳይኮሎጂስት ጋርም ይገናኛል። ዘመዱ ግን እስከ ዛሬ ጨጓራው እንደሆነ ነው የሚያውቀው። በበዓል በርበሬ የሌለበት ወጥ ለብቻው ይሠሩለታል።

ስለ ፀበል አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ሳልል ባልፍ ያደግሁበትን ቤት መካድ ይሆንብኛል። ፀበሉ ጋሼን አልጎዳቸውም። እዚያ ሰው አብሯቸው ነበር፤ ያበላቸው፣ ያጠባቸው፣ በስማቸው የጸለየላቸው ነበር። የጎዳቸው «ወይ ይህ ወይ ያ» መባሉ ነው። በኋላ እንጦጦ ላይ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎችና የፀበሉ አባቶች ተነጋግረው፣ ሕመምተኛው ሁለቱንም ይዞ እንዲቀጥል አብረው የሠሩበት ጊዜ አለ። እኔ የማውቃቸው ሐኪሞች «ፀበል ትሄዳለህ?» ብለው የሚጠይቁት ለመከልከል አይደለም፤ ማወቅ ስላለባቸው ነው። ለምሳሌ ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውሃ ሳይጠጣ ረጅም ጊዜ ቢጾም ወይም ደጋግሞ ቢያስመልሰው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከልክ በላይ ሊወጣና ሊመርዘው ይችላል። ፀበል መግባቱን የደበቀ ሕመምተኛ ይህን የሚነግረው ሰው አያገኝም።

መደበቁ ባሕር ተሻግሮም ይከተለናል። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር የልጅነት ጓደኛዬ የአእምሮ ሐኪም ሲፈልግ አማርኛ የሚናገር እንዲሆንለት ተመኘ፤ ጭንቀቱን በእንግሊዝኛ መንገር አልሆነለትም። አማርኛ የሚናገር ሲያገኝ ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣበት፤ «እሑድ ቤተ ክርስቲያን ባገኘውስ?» አለኝ። ሐኪም የሰማውን ለማንም እንዳይናገር ሕግም ሙያውም እንደሚያስገድደው እሱ አሳምሮ ያውቃል። የፈራው ወሬውን አልነበረም፤ ዓይን ለዓይን መተያየቱን ነው። ከዓረብ አገር የሚመለሱት እህቶቻችን ደግሞ ለመምረጥም ዕድል አያገኙም። ቦሌ ሲደርሱ አንዳንዶቹ ስማቸውን ለመናገር እንኳ የማይችሉ ሆነው ነው። የሚቀበላቸው ቤተሰብ ሻንጣውን ይጠብቅ ነበር፤ የልጅቷን ዓይን ሲያይ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ያደርስ ይሆን፣ ወይስ ጎረቤት ሳያይ ጓዳ ያስገባት ይሆን?

ይህን ሁሉ የምጽፈው ሰፈራችን ስላደገች አንዲት ልጅ ስለሰማሁ ነው። ጎበዝ ነበረች፤ ሕክምና ተምራ ተመረቀች፤ ከዚያ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ ገባች። እናቷ በልጃቸው ይኮራሉ፤ የምረቃ ፎቶዋ ሳሎን ተሰቅሏል። ዕድር ላይ ግን «ልጅሽ አሁን ምን እየተማረች ነው?» ሲባሉ «ስፔሻሊቲ» ይላሉ። «የምን?» ሲባሉ «የውስጥ ደዌ»። ለዓመታት እንዲሁ አሉ። ልጅቷ ታውቃለች፤ እናቷን ተቆጥታ አታውቅም። ድሮ የምንደብቀው ሕመምተኛውን ነበር፤ እዚህ ቤት ሐኪሟም ተደበቀች።

አንድ ማታ እናቷ ወደ ክፍሏ ገብተው ብዙ ከተቀመጡ በኋላ ስለ ታናሽ እህታቸው ነገሯት። ልጅ ከወለደች ወዲህ ሰው አትለይም፤ ሕፃኑን «የኔ አይደለም» ትላለች፤ ፀበል ከገባች ሰነበተች፤ መጀመሪያ ንስሐ አባት ዘንድ፣ ከዚያ አንድ አዋቂ ዘንድ ወስደዋታል።

«እማዬ፣ ለኔ አሁን ነው የምትነግሪኝ?» አለች ልጅቷ።

«አንቺን እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ነው።»

«ሕፃኑን ማን ያያል?»

«አያቱ።»

«ጥሩ፤ ብቻዋን ከሱ ጋር አትተዉአት፤ ሌሊትም ቢሆን። የወሊድ ነገር ነው፤ ይድናል፤ ግን ጊዜ አይሰጥም። የወሰደችውን መድኃኒትና ቅጠል ሁሉ ይዛችሁ ነገ በጠዋት አምጧት፤ ተረኛ ነኝ፤ ካርድ እኔ አስወጣለሁ። ፀበሉም አይቀርባትም፤ ሲሻላት ትመለሳለች።»

«ማን ነው የሚያያት?» አሉ እናቷ።

«እኔ ሥጋዋ ስለሆንኩ ሌላ ሐኪም ያያታል፤ እኔ አጠገቧ እሆናለሁ። አንቺም ትመጫለሽ።»

እናቷ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «በየትኛው በር ነው የምንገባው?» አሏት።

«በዋናው» አለች።